ይድረስ ለክቡር አቶ መርሳት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአንድ ሰው ስም እስከ አያቱ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ስኳሬ ደህና ነው፣ ዓይኔም መነጽሩ ሲገኝ ደህና ነው። የጭንቅላቴን ነገር ከኔ ይልቅ አንቱ ስለሚያውቁት እኔ ብጠይቅዎ ይሻላል።

አንቱ ማለቴ አክብሬ ነው። ወሎ ነንና እንግዳ አናሳፍርም፣ ቤት የገባ ሁሉ ቡና ጀባ ይባላል፣ ለምን መጣህም አይባልም። አንቱም የገቡት እንደ እንግዳ ነበር፣ ሃምሳ ዓመቴን እንደያዝኩ አንድ ቀን መነጽሬን ይዘው ወጡ፣ ዝም አልኩ፣ ከዛ ቁልፍ፣ ከዛ ጃንጥላ (ደሴ ላይ በነሐሴ የሰው ጃንጥላ የሚወስድ ምን እንደሚባል ያውቁታል)፣ ከዛ የኤቲኤም ሚስጥር ቁጥሬን ወስደው ካርዴን ለማሽን አስበሉኝ፣ አሁንም አብሽር አልኩ። ትንሿን ልጄን ስጠራ መጀመሪያ የእህቴን፣ ቀጥሎ የወንድሜን፣ ቀጥሎ የሞተውን ውሻችንን ስም ጠርቼ ነው ወደ ባለቤቱ የምደርሰው፣ እሱንም እናቴም እንደዛ ነበረች ብዬ አለፍኩት። የማክሰኞውን ግን አላልፈውም።

ነገሩ የጀመረው ከካርታ ነው። ከሁለት ወር በፊት የቤቴን ካርታ ጉዳይ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ጉዳዬ ገና አላለቀም። ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገችና "ፋይልዎ የለም" አለችኝ። እንዴት የለም? ቤቱን ከሠራሁ 27 ዓመቴ፣ የግብር ደረሰኜ በፌስታል ሙሉ፣ አንድም ዓመት ሳልዘል። "ደረሰኙማ አለ፣ ፋይሉ ነው የሌለው" አለች። ታዲያ ምን ይሻላል ስል ያው እናንተም የምታውቁት ነው፣ ማመልከቻ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ እና ቤቱ የኔ ለመሆኑ፣ እኔም እኔ ለመሆኔ ቃል የሚሰጡ ሦስት ምስክር ከነመታወቂያቸው። ልብ ይበሉልኝ ክቡርነትዎ፣ እነሱ ስለረሱኝ ነው እኔ ምስክር የምጎትተው። ይሄን ነጥብ እመለስበታለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ሦስት ሰው በሥራ ቀን ባንድ ላይ ማግኘት ለሰርግም አይሆንም። ጎረቤቴን ለመንኩ፣ የእድራችንን ዳኛ ለመንኩ፣ ሦስተኛው ማርሽ ነው፣ ማርሽ አይለመንም፣ ይነገረዋል እንጂ።

ማርሽን ደርግ ሳይወድቅ ጀምሮ ነው የማውቀው። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ አሰብ፣ መንገዱ በ1990 እስኪዘጋ ድረስ። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ማርሽ የሚቀይርበትን ድምፅ ሰምታ ሚስቱ ቡና ትጥድ ነበር ይባላል፣ ሐረጎ እስከ ደሴ እንደማይሰማ አውቃለሁ፣ ግን እሱ ስለሚወደው ማንም አያርመውም። ስሙ ያኔ ወጣለት። ሚስቱ ማርሽ ትለዋለች፣ ልጆቹ አባ ማርሽ ይሉታል፣ ስልኬ ላይ ማርሽ 1 እና ማርሽ 2 ተብሎ ነው የተቀመጠው፣ ሁለት ሲም ስላለው።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ ሰልፍ ያዝን። 5 ሰዓት ላይ ተራችን ደረሰ። ከመስኮት 4 ወደ ቢሮ 11 ላኩን፣ ከቢሮ 11 ኮፒ ቤት፣ ከኮፒ ቤት ማህተም ክፍል፣ የማህተሙ ሰውዬ ሻይ ላይ ስለነበር ወደ ቢሮ 11፣ ከዛ በመጨረሻ ወደ መስኮት 4። ልጅቷ የትንሿ ልጄ እኩያ ናት። የሦስቱን መታወቂያ ሰበሰበችና ልክ ካርታ እንደሚጫወት ሰው ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"አባባ" አለችኝ፣ "ምስክሮቹን ምን ያህል ያውቋቸዋል?"

አባባ! አጎቴ ብትለኝ ምን ነበረበት። "ከሠላሳ ዓመት በላይ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እሺ ስማቸውን ይንገሩኝ።"

የጎረቤቴን እስከ አያት ተናገርኩ። የእድሩን ዳኛ እስከ አያት፣ በየወሩ ደብተር ላይ ስለማየው። "ሦስተኛው?"

"ማርሽ።"

"መታወቂያው ላይ ማርሽ አይልም።"

እዚህ ጋ አንቱ መጡ። እንዴት እንደሚመጡ ላንቱ መንገር አይገባኝም፣ ግን ላልደረሰባችሁ ልጆች ልንገራችሁ፣ ባዶ አይደለም የሚሆነው፣ ባዶ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስሙ አለ፣ አፍህ ላይ አለ፣ ሦስት ፊደል እንደሆነ ታውቃለህ፣ በ"ይ" እንደሚጀምር ታውቃለህ፣ በሩን ልትከፍት ስትል ግን ሌላ ስም መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። የኔ በር ላይ የቆመው "ይማም" ነው። ይማም እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ዞር በል እለዋለሁ፣ ይማም ግን አይንቀሳቀስም።

"በ'ይ' ነው የሚጀምረው" አልኩ።

ኧረ ምን በወጣኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ቆሞ ሲሰለቸው ጨዋታ አገኘ። "ይልማ በላት!" አለ አንዱ። "ይርጋ!" አለ ሌላው። አንዲት ህፃን ያዘለች ሴትዮ "ይበልጣል ይሆናል" ብላ አዝናልኝ ነገረችኝ። ጥበቃው ሳይቀር ብረቱን ይዞ መጥቶ "የመጨረሻ ፊደሉ ምንድን ነው?" አለኝ። እኔ ደግሞ የባሰ ብዬ "የመኪናውን ታርጋ ልንገርሽ?" አልኳት፣ ታርጋውን እኮ እስከዛሬ አውቀዋለሁ፣ ከፈለገች 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥሬንም በቃሌ እላታለሁ፣ የጠፋኝ ሦስት ፊደል ነው!

ልጅቷ መታወቂያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አባባ፣ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ ያሉትን ሰው ስሙን አያውቁትም። እኛ እኮ በር ላይ የሚቆሙትን የኪራይ ምስክሮች እናውቃቸዋለን።"

ማርሽ ይሄን ሰማ። ምንም አላለም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ውስጡን አየው፣ መልሶ አደረገው። ከዛ ወደኔ ጠጋ ብሎ "አብሽር መምህር፣ ደክሞህ ነው" አለኝ። ሌላው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃ።

አንተ! ስማኝ። ይሄ ሰው በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከተማው ሲወጣ፣ መኪና ጠፍቶ እኛ ከነፌስታላችን ሐረጎን በእግር ስንወርድ፣ እናቴን በጀርባው አዝሎ ያወረደ ሰው ነው። እኔ ልጇ ፍራሽ ተሸክሜ፣ እሱ እናቴን ተሸክሞ። ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻም ደርሰን አላረፍንም፣ ተነሱ ተባልን። የሱን ስም ነው የወሰድከው። በ1981 በመምህራን ስብሰባ ላይ "ይሄ ደደብ" ያለኝን ሰውዬ ስም ግን እስከ ቅድመ አያቱ አስቀምጠህልኛል፣ የለበሰውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር። የምትወስደውን የሚመርጥልህ ማነው? በምን ሚዛን ነው የምትለካው?

ደግሞ ያልኩትን ነጥብ አልረሳሁትም። እኔ አንድ ስም ለሁለት ደቂቃ ብረሳ አጭበርባሪ ነኝ፣ ኪራይ ነኝ፣ አባባ ነኝ። 27 ዓመት ግብር የከፈልኩበትን ቤት ከነፋይሉ የረሳ መሥሪያ ቤትስ? እሱን ማን ነው ሦስት ምስክር አምጣ የሚለው? እሱ ሲረሳ "ሲስተም የለም" ነው ስሙ፣ እኔ ስረሳ እርጅና። በሱ መርሳት ሁለት ወር ተመላለስኩ፣ ሦስት ሰው ከሥራ አስቀረሁ፣ አንድ ሰው ይቅርታ ያለኝ የለም። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷን፣ "ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ የኔ ልጅ" ብዬ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሺ። ተረጋጋሁ። ወደ አንቱታችን እንመለስ።

ማታ ትንሿ ልጄ ስልኳን ይዛ ታስረዳኝ ገባች፣ ነርሲንግ ትማራለችና ሁሉም ነገር ጥናት አለው። በ1966 እ.ኤ.አ. ብራውንና ማክኒል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው ቃሉ ሲጠፋው የመጀመሪያ ፊደሉንና ርዝመቱን ብዙ ጊዜ እንደሚያውቅ አሳይተዋል አለችኝ፣ ማለትም እኔ መስኮት 4 ላይ የሠራሁት ሳይንስ ነበር፣ ልጅቷ ናት ያልገባት። ስም ከሌላ ቃል ይልቅ የሚጠፋውም መንጠልጠያ ስለሌለው ነው አለች፣ ሰውዬው ዳቦ ጋጋሪ ነው ቢሉህ እቶኑ ይታይሃል፣ ሽታው ይመጣል፣ ስሙ እንዲህ ነው ቢሉህ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም። ይሄ እንኳ ገባኝ። "ማርሽ" ስል ኤንትሬው ይታየኛል፣ እጁ ይታየኛል፣ ዳገቱ ይታየኛል፣ ያ የመታወቂያ ስሙ ግን መታወቂያ ላይ ብቻ ነው የኖረው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በር ማለፍ ራሱ ያስረሳል የሚል ጥናት ወጥቷል አለችኝ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ስትሻገር አእምሮ የቀድሞውን ክፍል ጉዳይ ይዘጋዋል። ቆጠርኩ። መስኮት 4፣ ቢሮ 11፣ ኮፒ ቤት፣ ማህተም ክፍል፣ እንደገና 11። ከነመመለሻው ዘጠኝ በር። እነዚህ ሰዎች አውቀው ነው እንዴ?

ሐኪምም ጋ ሄጃለሁ፣ አይከሰሱብኝ። ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ እንቅልፍ፣ ሁሉንም ጠየቀኝ፣ ምርመራውም ደህና ነው። ስሙ ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ ዕድሜ ነው፣ የምታውቀው ሰፈር ከጠፋብህ ግን ቶሎ ና አለኝ። ደሴ ላይ እንዴት አድርጌ ልጥፋ፣ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል።

ሌላም አለኝ እኮ። "ቲቸር አወቅከኝ?" የሚለው ጥያቄ ካንቱ ጋ ሽርክና አለው መሰለኝ። ፒያሳ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ እጄን ጨብጦ አይለቅም፣ "እስቲ ማን ነኝ?" ይላል እየሳቀ፣ እኔ ያንን ጢም በየት በኩል ልለፈው፣ ሰባተኛ ክፍል ሲማር እኮ ጢም አልነበረውም! ድሮ በዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት የ70 ልጅ ስም ያለ ስም መጥሪያ የምጠራ ሰው ነበርኩ። አሁን "እንዴት ነህ ጀግናው!" ነው የምለው፣ ከተማው ውስጥ ስንት ጀግና እንዳፈራሁ። ሴት ከሆነች "የኔ እናት"። አማርኛ ደግሞ ደግ ቋንቋ ነው፣ "እንትን" የሚል ቃል ሰጥቶናል፣ እኔና ባለቤቴ በሱ ነው የምንኖረው፣ "እንትኑን እንትኑ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እንትና ሲመጣ ስጪው" እላታለሁ፣ እሷም ትሰጠዋለች። መስኮት 4 ላይ ግን እንትን አይሠራም።

ደግሞ የሚያሳፍረው ቦታው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች የኛ ናቸው ብለን ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች ነን፣ ትዝታን ለአገር ያዜመ ወሎ ላይ ቁጭ ብዬ የጓደኛዬ ስም ይጥፋኝ?

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ በጨለማው ውስጥ ስሙን መለሱልኝ። "ይመር!" ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ብድግ አለች። "ይመር ማነው?"

"ማርሽ ነዋ!"

"ማርሽ ይመር ነው እንዴ ስሙ?"

ስልኬን አነሳሁና ማርሽ 1 ላይ ደወልኩ፣ ደስታ ሰዓት አያይም። ስድስት ሰባት ጊዜ ጠራ። "ሃሎ" አለ፣ እንቅልፍ ባለው ድምፅ።

"ይመር! ይመር ነህ እኮ!" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። "ቁጥር ተሳስተዋል" ብሎ ዘጋው።

መጪው ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለን፣ መስኮት 4። ይመርን እጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፣ ስታጠብ እንዳይለቅ በየቀኑ አድሰዋለሁ። ክቡርነትዎ ደግሞ በበኩልዎ እስከ ሰኞ ማታ የአባቱንና የአያቱን ስም እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ከሆነ ግን ይቆዩት፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይስጡኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
መምህር (ስሙን ልጅቷ ታውቀዋለች፣ መታወቂያዬን ትቼው መጥቻለሁ)

ግልባጭ፦ ለማርሽ 2