ሙቅ ጨርቅ፦ በደሴና በእንግሊዝ

ደሴ ውስጥ ወገቡን ወይም ጉልበቱን የቆረጠመው ሰው ብቻውን አይታከምም። አንዷ ውሃ ታፈላለች፣ ሌላዋ ጨርቁን ጨምቃ ታቀብላለች፣ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ «በዛብህ እንዴ?» እያለ ይጠይቀዋል። እዚህ እንግሊዝ ሰዉ በሩን ዘግቶ፣ የጎማውን የሙቅ ውሃ ከረጢት ታቅፎ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቃጠሎውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ቆዳ 44 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለሰዓታት ከቆየ፣ ያልፈላ ውሃም ቢሆን ያቃጥለዋል። ከአገር ቤት ልማድ በጣም የምሳሳለት ይህ ጠባቂ እጅ ነው።

ለጨርቁ የሚበቃው ውሃ ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ነው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቧንቧው ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ በአንድ ኩባያ የፈላ ላይ ሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ መጨመር 41 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። እኩል በእኩል ከተቀላቀለ ግን ከ50 ያልፋል፤ ይሄ ለቆዳ አደገኛ ነው። ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ የቧንቧው ውሃም ሞቅ ያለ ነው፣ የሚፈላበትም ዲግሪ ከፍ ይላል፤ እዚያ ለአንዱ የፈላ ሦስት ቀዝቃዛ ይሻላል። የጥጥ ፎጣ ነክሮ፣ ጠብ እስከማይል ጨምቆ፣ አራት እጥፍ አድርጎ መያዝ ነው። በደሴ ብርድ፣ በተለይ ክረምት ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ጨርቁ በሦስት በአራት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የፈላው ውሃ በፔርሙዝ አጠገብ ይቀመጥና ሳህኑ ውስጥ ጠብ እየተደረገ ይታደሳል። ሲጨመር ግን የታማሚው እጅም እግርም ሳህኑ ውስጥ መኖር የለበትም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የዐይን ቆብ ላይ ለምትወጣ እብጠት 10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብቻዋ፤ አለመጭመቅ።

ጨው በምጣድ አምሶ በጨርቅ ቋጥሮ መያዝ ሌላው የታወቀ ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄው መጨመር አለበት። ውሃ ከሚፈላበት ዲግሪ አያልፍም፣ ምጣድ ላይ ያለ ደረቅ ጨው ግን እሳቱ እስከፈቀደለት ይግላል። ቋጠሮው የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ ናይለን ይቀልጥና ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ቋጥሮ አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አስታማሚው በራሱ የእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክረው። ታማሚው ስኳር ካለበት «አይሞቅም፣ ጨምሩልኝ» ማለቱ አይታመንም፤ እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልቶ መታቀፍም መቅረት አለበት። ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ውሃው ሆድ ላይ ይፈስሳል።

ከዚህ ለእናት የሚላከው የጎማ ከረጢትም ዕድሜ አለው። እንግሊዝ የሚሸጠው አብዛኛው አንገቱ አካባቢ የአበባ ምልክት ታትሞበታል፤ መሐል ያለው ቁጥር የተመረተበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ 12ቱ ቅጠሎች ወራቱ። ሁለት ዓመት ካለፈው ይጣል፤ ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሲሞላ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ፣ ከፈላ በኋላ በረድ ባለ ውሃ፣ አየሩን አስወጥቶ። እና አልጋውን አሙቆ፣ ከመተኛት በፊት ይውጣ። ይህን ሳይነግሩ መላክ ስጦታውን ጎዶሎ ያደርገዋል።

የፈረንጁ ቤት የሚበልጠን አንድ ቦታ ነው፣ እሱም ትልቅ ነው፦ መቼ ሙቅ፣ መቼ ቀዝቃዛ። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት ወዲያው በረዶ ይደረግለታል። እኛ ዘንድ ወዲያው ሙቅ ውሃ፣ ቅቤ፣ ከዚያ የወጌሻ እሽት ነው። ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል፣ ገና ውስጥ ለውስጥ የሚደማ ቦታ ላይ ሲሆን እብጠቱን ያባብሰዋል፤ ልጁ በማግስቱ መርገጥ ያቅተውና «አጥንቱ ወጥቷል» ተብሎ እንደገና ይታሻል። የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቀዝቃዛ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በረዶ ባይኖር የደሴ የማለዳ የቧንቧ ውሃ አያሳፍርም። ሙቁ የሚደርሰው እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ነው። መርገጥ ጭራሽ ካልቻለ ግን ራጅ ይቀድማል። ድንገት የጀመረ፣ ወደ ቀኝ ጎን የወረደ የሆድ ሕመምም በሙቅ ጨርቅ አይባበልም፤ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ ከውጭ ለሚገቡ። ከረጅም በረራ በኋላ፣ ከዚያም እስከ ደሴ በመኪና ተቀምጦ የመጣ እንግዳ አንድ ባቱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመው ዘመድ በፍቅር ተሻምቶ ሊያሸውና ሙቅ ጨርቅ ሊይዝለት ይነሣል። አይነካ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ እሽት ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።