ዝገት ላይ ቀለም ስለመቀባት ትንሽ እርማት

ብዙ ሰው «የድሮ ሳይክል ፍሬም ዝገቱን መፈግፈግ አያስፈልግም፣ ቀለም ካለበሳችሁት አየር አጥቶ እዛው ይሞታል» እያለ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልክ አይደለም። ዝገት እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፣ ቀለሙም የተጣበቀው ብረቱ ላይ ሳይሆን የሚረግፈው ዱቄት ላይ ስለሆነ ቆይቶ አብጦ ይነሳል። ካላመናችሁ ያበጠ ቦታ ፈልጋችሁ በካቻቢቴ ጫር አድርጉት፣ ቡናማው ዱቄት ከቀለሙ ጀርባ ተለጥፎ ይወጣል፣ በተለይ ፔዳሉ የሚገጠምበት ጋ እዩት ውሃ የሚጠራቀመው እዛ ነው። የማማር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ግን ጥሩ የሚባሉት ፍሬሞች የቱቦው ብረት ውፍረት መሃሉ ላይ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፣ ውስጥ ውስጡን ከተበላ አንድ ቀን ጉድጓድ ስትገቡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ፣ ቅባቱን ጠርጋችሁ፣ በዛው ቀን አንቲረስት (ከቀለም በፊት የሚቀባ ዝገት መከላከያ)፣ ከዛ ቀለም።