መጠጥ ያልቀመሱ ልጆች አንጎል ምን ያሳያል?

«ቢፈልግ ኖሮ ያቆም ነበር።» መጠጥ የያዘው ሰው ሲነሳ ብዙዎቻችን እንዲህ ብለን እናልፋለን። ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም የብሩክሊኖቹ ልጆች አሉ።

የአንጎል ተመራማሪው ሄንሪ ቤግላይተርና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ያጠኗቸው ናቸው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ወንዶች ናቸው፣ ከ7 እስከ 13 ዓመት። አባቶቻቸው የአልኮል ጥገኞች፣ እነሱ ግን ገና መጠጥ ያልጀመሩ። ጭንቅላታቸው ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ተራ ሞላላ ቅርጽ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ አፍንጫና አንድ ጆሮ ያለው፣ ከአናቱ በኩል የተሳለ የሰው ጭንቅላት ብቅ ይላል። ጆሮው የቀኝ ነው የግራ? ልጁ ለይቶ ቁልፍ ይጫናል።

እንዲህ ያለ ከስንት አንዴ የሚመጣ ነገር ሲታይ፣ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንጎል ውስጥ ጎላ ያለ ሞገድ ይነሳል። ፒ300 ይባላል። በእነዚህ ልጆች ላይ ግን አባቶቻቸው የአልኮል ጥገኛ ካልሆኑ ልጆች ይልቅ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መጠጥ ጎድቷቸው ነው እንዳይባል፣ አልጠጡም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው ኮጋ የተሰኘ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የአልኮል ጥገኞችን ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋብራ2 የተባለ ዘረመል ከአልኮል ጥገኝነትም፣ ቤታ ከሚባለው ፈጣን የአንጎል ሞገድም ጋር ተያይዞ መገኘቱ ተዘገበ። ዘረመሉ የአንጎል ፍሬን ከሆነው፣ ጋባ ከሚባለው ኬሚካል ጋር ይሠራል። ፍሬኑ የላላ አንጎል እረፍት የለውም፤ መጠጥ ለጊዜው ያረጋጋዋል ነው የተመራማሪዎቹ ግምት። ለእኔ አሳማኝ ነው። ብዙ ጠጪዎች «ሲጨንቀኝ ነው የምጠጣው» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ታዲያ «የአባቱ ልጅ አይደል!» ማለትም ያው ሌላ ፍርድ ነው። ከዘር የሚመጣው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ነው፤ የቀረው የአስተዳደግ፣ የጓደኛ፣ የኑሮ ጉዳይ ነው። ደግሞም ዝቅ ያለ ፒ300 ትኩረት የማጣት ችግር ባለባቸው ልጆችም ይታያል። አንድን ልጅ በሞገዱ ብቻ «ይሄ ጠጪ ይሆናል» ማለት አይቻልም።

የሚቻለው ማውራት ነው። ስኳርና ደም ግፊት በዘራችን አለ ብለን ለልጆቻችን እንነግራለን። የአያትን መጠጥ ግን እንደ ነውር እንደብቃለን። ልጁ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ሠርግ ላይ ይገኛል፤ አጎቱ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» እያለ ብርጭቆ ያስጨብጠዋል። ይህ ልጅ ከዚያ በፊት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ከወላጆቹ አፍ መስማት ነበረበት።