መሳቢያችሁን ክፈቱ

ወገኖቼ፣ እስቲ የቤታችሁን መሳቢያ ክፈቱ። አምስት ፍሬ አሞክሳሲሊን የቀረበት እሽግ አለ? ለተቅማጥ ተገዝቶ ሁለት ቀን ብቻ የተወሰደ ፍላጂልስ? እኔ ቤት ሁለቱም ነበሩ። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ጀምረው በሚያቋርጡ ሰዎች ላይ ያለኝ ቁጣ ከራሴ ይጀምራል።

ኤች ፓይሎሪ የምትባል፣ ጨጓራ ውስጥ የምትኖር ባክቴሪያ ተገኘችብኝና ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። በሰባተኛው ቀን ቃጠሎው ጠፋ። አፌ ብረት ብረት ይለኛል፣ ሆዴም ተረብሿል። "ድኛለሁ" ብዬ ተውኩት። የተረፈውን ጨጓራዬን አመመኝ ላለችው እህቴ ሰጠኋት፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ወራት ሳይቆይ ሕመሙ ተመለሰ።

ጨጓራን እንደ ጉንፋን አቅልለን እናወራዋለን። አንዱ በርበሬ ይተዋል፣ ሌላው ተልባ በጥብጦ ይጠጣል። ባክቴሪያዋ ግን ቀላል አይደለችም። የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧታል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የዚህች ባክቴሪያ ዘረመል 1.6 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። በተባዛች ቁጥር ሁሉንም ትገለብጣለች፣ ስትገለብጥም ትሳሳታለች። ብዙ ባክቴሪያዎች ያላቸው አንድ የስሕተት ማረሚያ እሷ ጋ የለም። ለእሷ ከሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን የሚገድላት ፕሮቲን የምትሠራበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ሥራዋን በማስቆም ነው። በዚያ መቀመጫ ላይ፣ 2143 ተብሎ በተቆጠረው ስፍራ፣ "ኤ" የነበረው ፊደል ወደ "ጂ" ከተለወጠ መድኃኒቱ በቅጡ መቀመጥ አይችልም። አንድ ፊደል ነው! "ገደለ" ልትሉ "ገደፈ" ብትጽፉ ምን ያህል እንደሚለያይ አስቡት።

ለእሷም የሚታዘዘው የፍላጂል ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት ወደ ባክቴሪያዋ የሚገባው እንዳልተሳለ ቢላ ሆኖ ነው። የሚስለው የራሷ ሞረድ ነው፤ አርዲኤክስኤ የሚባል ጂን የሚሠራው ኢንዛይም። ጂኑ ሲበላሽ ሞረዱ ይጠፋል፣ ቢላው ደንዝ ሆኖ ይቀራል። እሷ ያለዚያ ሞረድ መኖር ትችላለች።

መድኃኒቱ እነዚህን ለውጦች አይፈጥራቸውም። ለውጡ ያላት አንዲት ባክቴሪያ ቀድሞም ከብዙዎች መሐል ልትኖር ትችላለች። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ቦታው ለእሷ ይለቀቃል። ከአንድ በላይ አንቲባዮቲክ አንድ ላይ የሚታዘዘው ከአንዱ ያመለጠችውን ሌላው እንዲይዛት ነው። በሰባተኛው ቀን ስናቋርጥ ማሳውን ግማሽ አርመን አረሙን ዘር እንዲጥል ተውነው ማለት ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህችን ባክቴሪያ ሳናውቃት ከልጅነት ጀምሮ ተሸክመናታል። ለተቅማጥ ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ፍላጂል ስትወስዱ፣ ጨጓራችሁ ውስጥ ያለችውም ታገኘዋለች። ለጉንፋን አዚትሮማይሲን ስትውጡም እንደዚያው፤ ለቫይረስ ምንም አይፈይድም፣ ግን የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። ለአንዱ የለመደች ለሌላውም ትለምዳለች። አሜሪካ ያላችሁም "ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጡልኝም" እያላችሁ ከአዲስ አበባ በሻንጣ አታስመጡ። ክልከላው ለዚህም ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው የምትተላለፈው በልጅነት፣ ከቤተሰብ ነው። በእኔ ጨጓራ ውስጥ ፊደሏን የለወጠችው ወደ ልጄ ልትሄድ ትችላለች። ልጁ አንድ ክኒን ሳይውጥ መድኃኒት የማይመልሳት ባክቴሪያ ይወርሳል። እኛ ባቋረጥነው እሱ ይከፍላል። ይህን እያወቅን እንዴት እንቀጥላለን?

የፋርማሲ ባለሙያዎች ሆይ፣ የእናንተም እጅ አለበት። "ሁለት ፍሬ ስጠኝ" የሚላችሁን ሰው እምቢ በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

የታዘዘላችሁን ጨርሱ። መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ ከመተዋችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። አንቲባዮቲኩን በጨረሳችሁ ከአራት ሳምንት በኋላ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ተመርምራችሁ መጥፋቷን አረጋግጡ፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልም ከምርመራው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አቁሙ። በደም ምርመራ አትመኑ፤ ባክቴሪያዋ ከጠፋች በኋላም ለረጅም ጊዜ "አለ" ሊል ይችላል።

ሐኪሙ "ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሃል?" ሲላችሁ ደግሞ ሁሉንም ዘርዝሩ። ለጥርስ፣ ለቶንሲል፣ ለተቅማጥ የወሰዳችሁትን ሁሉ። መድኃኒቱን የሚመርጥላችሁ በዚያ ነው። እኔ ያን ጊዜ "ምንም" አልኩት። በዚያው ዓመት ለጉንፋን ብዬ ሁለት ጊዜ አዚትሮማይሲን ወስጄ ነበር።