የራይን ቁጥርና የአዋሽ ቁጥር

ጀርመን የሚኖር ሰው ዝናብ ሲጠፋ በዜና አንድ ቁጥር ደጋግሞ ይሰማል፤ የካውብን የውኃ ከፍታ። ካውብ ራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የጭነት መርከብ ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገረው እዚያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ቁጥሩ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወረደ። አዲስ መጤ ይህን ሲሰማ ወንዙ በእግር የሚሻገሩት ሆነ ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን የመለኪያው ዜሮ የወንዙ ወለል አይደለም። ቁጥሩ 78 ሲሆን በመርከብ መስመሩ ላይ 1.90 ሜትር ገደማ ውኃ አለ፤ ስለዚህ 25 ማለት 1.37 አካባቢ ነው። ካፒቴኑ ከዚያ ላይ ከመርከቡ ሥር ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ትቶ በቀረው ልክ ይጭናል።

አዋሽ መርከብ አይጭንም። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይነካ አቤ ሐይቅ ይገባል። በመንገዱ ግን ቆቃ ላይ መብራት ያመነጫል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፣ አዳማን ያጠጣል፣ የአፋርን ከብት ያኖራል። እሱም የሚለካበት ዘንግ አለው፤ ባለሙያዎቹ ስታፍ ጌጅ ይሉታል። በሴንቲ ሜትር የተከፋፈሉ የአንድ አንድ ሜትር ሰሌዳዎች ከዳር ወደ መሐል ደረጃ በደረጃ ይተከላሉ። የአካባቢው ጌጅ አንባቢ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ አይቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ደጋ ላይ የዘነበው ሌሊት ደርሶ፣ ከሁለቱ ንባቦች መሐል ጫፉን ነክቶ ያልፋል። ብልህ አንባቢ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አይቶ ለብቻው ይመዘግባል። ደለልም አለ፤ ወለሉ ከፍ ሲል ያው 2 ሜትር የአምናውን ያህል ውኃ ማለት አይሆንም። ስለዚህ ከክረምት በኋላ ፍሰቱ እንደገና ተለክቶ ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ሰንጠረዥ መታደስ አለበት። ግንድ መትቶ የጣለውን ሰሌዳ በዓይን ግምት መልሶ መትከል ደግሞ የዓመታትን መዝገብ ያበላሻል፤ ከፍታው ዳር ላይ በኮንክሪት ከተተከለ ቋሚ ምልክት መወሰድ አለበት።

የካውብ ቁጥር በየ15 ደቂቃው ይታደሳል፣ ማንም በስልኩ ያየዋል። ኮሎኝ ላይ ደግሞ ወንዙ ዳር ግንብ ቆሞ የውኃውን ከፍታ እንደ ሰዓት ያሳያል። የአዋሽ መዝገብ ግን ከታች ላለው ሰው ሳይደርስ መቅረቱ ያንገበግባል። የቆቃ ግድብ ሞልቶ በሩ ሲከፈት ከታች አፋር ውስጥ አሳይታ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ አርብቶ አደሩ ደመና ቢያይ ምንም አይነግረው። ለእሱ የሚጠቅመው ሴንቲ ሜትሩ አይደለም፤ ውኃው መቼ እንደሚደርስ በአፋርኛ በሬዲዮ ሲነገር፣ ከብቱን ከዳር ለማራቅ የሚበቃ ጊዜ ያገኛል።