ቀለም የገባው ለመጽሐፌ ነው

አሁን ከኦራል (ከቃል ፈተና) መውጣቴ ነው። ማንም "አይዞህ" እንዳይለኝ።

ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ብራኪያል ፕሌክሰስ (ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቭ መረብ) ሳሽ ከረምኩ። ጣና ዳር ዋርካ ሥር፣ ወባ ትንኝ እየበላችኝ። ላይብረሪም ወንበር ሲገኝ። (ጠዋት 12 ሰዓት ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ዶርም ሄዶ የሚተኛውን ሰው እግዜር ይይለት።) አራት ሃይላይተር ጨርሻለሁ። 5 ሥር፣ 3 ግንድ፣ 6 ክፍል፣ 3 ኮርድ፣ 5 ቅርንጫፍ። እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድጄዋለሁ። ሲደወል ማን እንደሚያነሳው ነው የማላውቀው።

ዶክተሩ ክንዱን ዘረጋና እጁን ከአንጓው እንደ ጠወለገ ጎመን ጣለው። "ይሄ ሰውዬ እጁን ቀና ማድረግ አልቻለም። የትኛው ነርቭ ነው የተጎዳው?"

ገጹ ድቅን አለብኝ። በግራ፣ ከላይ፣ የሽሮ ጠብታ ያለበት። ስሙ ግን የለም! ይሄ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ቢጫ ያሰመርኩበት ነው ዶክተር።"

"በሽተኛውም ቢጫ ተሰምሮበት ነው የሚመጣልህ?"

ተራ የሚጠብቁት ጓደኛ ተብዬዎች ግድግዳ ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። ሰውዬው በዚህ አልበቃውም። በብብቴ ሥር የነበረውን መጽሐፍ ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገ። "የጥምቀት ጥላ አስመሰልከው እኮ! ቀለም የገባው ለመጽሐፍህ ነው።"

ባጃጅ ያዝኩ። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ ሌላውን በጎን በኩል አንጠልጥሎታል። ልክ እንደ ጎመኗ። የነርቩ ስም ያኔ መጣልኝ፤ "ራዲያል!" ብዬ ጮህኩ። "ወራጅ" ያልኩ መስሎት ሲጢጥ አድርጎ ያዘው። ምን ላድርግ፣ ወረድኩ። ሒሳቡን ደግሞ ሙሉ ተቀበለኝ።

ዶርም ስገባ ካልሲውን አልጋዬ ላይ የሚጥለው ጓደኛችን ሊመክረኝ ተነሳ። "አንኪ ተጠቀም።" (በጥያቄና መልስ ካርድ የሚያስጠና አፕ ነው።) ተጠቅሜ ነበር እኮ! 1,140 ካርድ ሲጠራቀምብኝ እንደ ዕዳ ሸሸሁት።

የሚያበግነኝ ልጁ ልክ መሆኑ ነው። ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን አንዴ አንብበው፣ ከድነው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን 42 ለ56 በመቶ ተመራ። እኔም አንብቤ በ5 ደቂቃ ብፈተን ኖሮ ሜዳሊያ ነበረኝ።

ይህን ለዘበኛችን ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። "ለዚህ ፈረንጅ አስፈለገህ? እኛ የቃል ትምህርት በጨለማ ነበር የምንማረው። ከዘነጋህ የየኔታ አለንጋ አለ።" ዛሬም ውዳሴ ማርያምን ከዳር እስከ ዳር ያወርዱታል። እኔ የትናንቱን እራት አላስታውስም።

ሰኞ ድጋሚ ፈተና አለ። ይኸው መብራት ሄደ፤ ስልኬ 9 በመቶ ላይ ነው።

ሃይላይተር የሚገዛኝ አለ? አረንጓዴው ገና አልተከፈተም።