ማስተካከያ፦ የአራስ ሕፃን ሴሎች ከስኳር ወደ ስብ የሚሸጋገሩት በአንድ ትንፋሽ አይደለም

ለአዳማ እናቶችና አዋላጆች ባዘጋጀነው ያለፈው ጽሑፍ «ሕፃኑ እንደተነፈሰ ሴሎቹ ስብ ማቃጠል ስለሚጀምሩ ጡት እስከ ማታ ቢዘገይ ግድ የለም» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በማህፀን ውስጥ የፅንሱ ልብ በዋናነት የሚሠራው በእንግዴ ልጅ በኩል በሚመጣ ግሉኮስ (ስኳር) እና ላክቴት (ከስኳር የሚገኝ ነዳጅ) ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ይህ ይቋረጣል፤ የደም ስኳሩም ከተወለደ በ1 ወይም 2 ሰዓት ውስጥ በጣም ዝቅ ይላል። ያኔ የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ስኳሩን ከፍ የሚያደርጉት ግሉካጎንና አድሬናሊን ይጨምራሉ፣ ጉበትም ያጠራቀመውን ግላይኮጅን (የስኳር ስንቅ) ወደ ስኳር ይፈታል። ስንቁ ግን ከግማሽ ቀን ብዙም አያልፍም። ሚቶኮንድሪያ (የሴሎች ኃይል ማመንጫ) ስብን በደንብ ለማቃጠል የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች የሚጨምሩት በሰዓታትና በቀናት ነው። ስቡን የሚያመጣው ደግሞ ወተቱ ነው፤ የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከስብ ይገኛል።

«አዳማ ሙቅ ስለሆነች አይበርደውም» ያልነውም ይታረም። እርጥብ ገላ ውሃው ሲተን ሙቀት ያጣል፣ አዳማ ደግሞ ነፋሷ ይታወቃል። አራስ ሕፃን የሚሞቀው በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በትከሻዎቹ መካከልና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ባለው ቡናማ ስብ ነው። እዚያ ሚቶኮንድሪያው ኤቲፒ (ሴል የሚሠራበትን የኃይል ሞለኪውል) መሥራቱን ትቶ ሙቀት ያወጣል፤ ለዚህም ኦክስጅንና ነዳጅ ይፈጃል። የበረደው ሕፃን ስኳሩ ቶሎ የሚወርደው ለዚህ ነው።

እንደተወለደ ይደረቅ፣ ገላው ከእናቱ ደረት ጋር ይገናኝ፣ እንገሩን በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ። ቅቤና የስኳር ውሃ አይሰጠው። ከዛለ፣ ጡት አልስብ ካለ ወይም ከቀዘቀዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።